ኦዳሲቲ ሲያስቸግር የምንሠራቸው ስህተቶች

ኦዳሲቲ የድምፅ መቅጃና ማስተካከያ ሶፍትዌር ነው። በነፃ ይወርዳል፤ አቅሙ አነስተኛ በሆነ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ትረካ የሚቀዳው፣ ስብከት የሚያጸዳው፣ ፖድካስት የሚጀምረው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ሲያስቸግር ደግሞ የብዙው ሰው የመጀመሪያ እርምጃ አንድ ነው፦ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን።

ስህተቱ እዚህ ላይ ይጀምራል። ሶፍትዌሩን ብታጠፉትም የቀየራችሁት ሴቲንግ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል። ስትጭኑ ሴቲንጉን ወደ መጀመሪያው እንዲመልስ ካላዘዛችሁት፣ አዲሱም ያንኑ ችግር ይዞ ይከፈታል። በዚያ ላይ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከማይኩ፣ ከዊንዶውስ ወይም ከቀረጻው ነው። አንዱንም ከመነካካታችሁ በፊት ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ለዩ።

ፖዝ ላይ እያለ ኤዲት ለማድረግ መሞከር

ኢፌክቶቹ በሙሉ ደብዝዘው ይታያሉ፤ ብትጫኗቸው መልስ የለም። ምንም አልተበላሸም። ድምፁ ፖዝ ላይ እያለ አንዳንድ የኦዳሲቲ ቨርዥኖች አብዛኛውን ሥራ አይፈቅዱም። ስቶፕን ተጫኑ፤ ሁሉም ይመለሳል።

የትኛው ማይክ እየቀዳ እንደሆነ አለማረጋገጥ

ጥሩ ማይክ ተሰክቶ የሚቀዳው ግን የላፕቶፑ ማይክ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። መለያው ቀላል ነው። ሪከርድ አድርጉና ማይኩን በጥፍራችሁ ጫር ጫር አድርጉት። የድምፅ መለኪያው ዘሎ ከተነሳ ትክክለኛው ማይክ ነው። ካልተነቃነቀ ላፕቶፑን ጫሩት፤ ያን ጊዜ ሌባው ይታወቃል።

ማይኩን የሰካችሁት ኦዳሲቲን ከከፈታችሁ በኋላ ከሆነ ላያየው ይችላል። ዘግታችሁ ክፈቱት። የሚቀዳው ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ከሆነ ደግሞ የዊንዶውስ ፕራይቬሲ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ለማይክሮፎን ፈቃድ መሰጠቱን እዩ።

በብሉቱዝ ኢርፎን ማይክ ግን ባትቀዱ ይሻላል። ማይኩ ሲከፈት ኢርፎኑ ወደ ስልክ መደወያ ሁነታ ይቀየራል፤ ድምፁም የታፈነ ይሆናል። ይህን ምንም ኢፌክት አያድነውም።

"በኋላ እቀንሰዋለሁ" ብሎ ከፍ አድርጎ መቅዳት

ድምፅ ከ0 ዲቢ (ዲሲቤል፣ የድምፅ መጠን መለኪያ) በላይ ሲሄድ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። አቅርባችሁ ብታዩት አናቱ ክብ መሆኑ ቀርቶ በቢላ የተላጨ ይመስላል። የተቆረጠው ክፍል ፋይሉ ውስጥ የለም። ስለዚህ ድምፁን ብትቀንሱት የሚወጣው ዝቅ ያለ ስንጥቅ ድምፅ ነው። ስትቀዱ ከፍተኛው ድምፃችሁ ከ-12 እስከ -6 ዲቢ ባለው ውስጥ ይዋል። ዝቅ ብሎ የተቀዳ ንጹሕ ድምፅ በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ኖይዝ ሪዳክሽንን ያለ ልክ መጠቀም

በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው፤ ስንት ደህና ድምፅ ተበላሽቶበታል። ኢፌክቱ ኖይዝን፣ ማለትም ከንግግሩ ጀርባ የሚሰማውን ሁካታ፣ የሚቀንስ ሲሆን በሁለት ደረጃ ይሠራል። መጀመሪያ ማንም የማይናገርበትን ቦታ መርጣችሁ "ኖይዙ ይህ ነው" ብላችሁ ታሳዩታላችሁ። ከዚያ ሙሉውን ትራክ መርጣችሁ እንዲያጸዳ ታደርጋላችሁ። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ንግግር ያለበትን ቦታ ይመርጣል። ሶፍትዌሩም የሰውየውን ድምፅ እንደ ኖይዝ ይቆጥረውና ይበላዋል።

ሌላው ችግር ስግብግብነት ነው። 12 ዲቢ ብዙ ጊዜ ይበቃል። 30 ካደረጋችሁት ተናጋሪው ከቧንቧ ውስጥ የሚያወራ ይመስላል፤ ስ፣ ሽ እና ፍ የመሳሰሉት ድምፆችም ይሟሽሻሉ። ልኩን ለማወቅ ሪዚዱ የሚለውን ምርጫ ንኩና አዳምጡ። የሚያሰማችሁ ሊጠፋ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ቃል ከሰማችሁ አብዝታችኋል፤ ቀንሱ። ሁልጊዜም ከመናገራችሁ በፊት አምስት ሰከንድ ያህል ዝም ብላችሁ ቅዱ፤ ለናሙና ይሆናችኋል።

እምምም የሚል የኤሌክትሪክ ድምፅ ካለ ግን መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ቅዱ፤ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። አስቀድሞ የተቀዳ ከሆነ የመረጣችሁትን ፍሪኩዌንሲ ለይቶ የሚቀንሰው ኖች ፊልተር የሚባለው ኢፌክት ይረዳል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ኦዳሲቲ ሲከፈት የሚያስቀምጠው ቁጥር 60 ኸርዝ ነው፤ እሱ የአሜሪካ መብራት ነው። የኢትዮጵያ 50 ኸርዝ ስለሆነ ቁጥሩን ካልቀየራችሁ በሚገባ አያጠፋላችሁም።

ዝምታን በጅምላ መቁረጥ

ትራንኬት ሳይለንስ ረጅም ዝምታን በአንዴ ያሳጥራል፤ ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን ከግማሽ ሰከንድ በታች አውርዳችሁ በጣም አጭር ካደረጋችሁት አማርኛውን ይጎዳል። "ጠጣ" ስንል ሁለተኛው ፊደል ሲጠብቅ አፋችን ለቅጽበት ይዘጋል። ሶፍትዌሩ ያንንም ዝምታ ነው ብሎ ሊቆርጠው ይችላል። በትረካ ላይ ደግሞ የተራኪው ትንፋሽና ዕረፍት የሥራው አካል ነው፤ በእጅ ብትቆርጡ ይሻላል።

ፕሮጀክቱን እንደ ድምፅ ፋይል መቁጠር

ሴቭ ስታደርጉ የሚወጣው የፕሮጀክት ፋይል የሚከፈተው በኦዳሲቲ ነው። በቴሌግራም ብትልኩት የተቀበለው ሰው ስልኩ ላይ አያጫውተውም። ለመላክ ወደ ድምፅ ፋይል ኤክስፖርት አድርጉ። ከ2021 በፊት በነበሩት ቨርዥኖች የተሠራ ሥራ ካላችሁ ደግሞ ድምፁ ያለው አጠገቡ በተቀመጠው ፎልደር ውስጥ ነው። ትንሿን ፋይል ብቻ ኮፒ ካደረጋችሁ ባዶ ፕሮጀክት ነው የምትወስዱት።

ኤምፒ3 ለመላኪያ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። ደጋግማችሁ ከፍታችሁ ኤክስፖርት ባደረጋችሁት ቁጥር ጥራቱ ይወርዳል። ዋናውን ጥራቱን በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት፣ በዌቭ፣ አስቀምጡ። ከስልክ የመጣ ኤም4ኤ ፋይል አልከፈት ካለም ስሙን ወደ ኤምፒ3 መቀየር አይከፍተውም፤ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለውን ተጨማሪ መጫን ያስፈልጋል።

ፍላሽ ላይ መሥራትና መብራት ሲጠፋ መደናገጥ

በተለመደው ሴቲንግ አንድ ሰዓት ስቴሪዮ (ባለ ሁለት ቻናል) ቀረጻ ከ1.2 ጊጋ በላይ ይይዛል። አንድ ሰው ብቻ የሚናገር ከሆነ በሞኖ (በአንድ ቻናል) ቅዱ፤ በግማሽ ይቀንሳል። ሥራችሁ በላፕቶፑ ዲስክ ላይ ይሁን። ፍላሽ ዝግ ይላል፤ ሳይታሰብም ሊነቀል ይችላል። ስትጨርሱ ኮፒ ታደርጉታላችሁ።

መብራት ጠፍቶ ዴስክቶፑ ቢዘጋባችሁ ሥራው ጠፋ ማለት አይደለም። ኦዳሲቲን መልሳችሁ ስትከፍቱ ያልተቀመጠውን ሥራ ዘርዝሮ ይጠይቃችኋል። ዲስካርድ የሚለውን እንዳትነኩ፤ የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው። ሪከቨር የሚለውን ተጫኑ፤ ሥራው እንደተከፈተ ሌላ ነገር ሳትጀምሩ ሴቭ አድርጉ።