የቴሌግራም ግጥምና የኮምፒውተር ሥዕል እንዳይጠፋ መዝገብ እንዴት ይሠራል?

ጎንደር ላይ ዛሬ ግጥም ስልክ ላይ ይጻፋል፣ ስልክ ላይ ይነበባል። ከማሲንቆ ጋር ተቀድቶ የሚለቀቅ አለ። ፊደሉ የሚንቀሳቀስ አለ። አንባቢው በነካው ቁጥር መንገዱን የሚቀይር ታሪክ መሞከር የሚፈልጉም አይጠፉም። ስልኩ ከተሰረቀ ወይም አካውንቱ ከተዘጋ ግን ሥራው አብሮ ይሄዳል። ይህን ለማስቀረት ቢሮና ሰርቨር አያስፈልግም። የሚተማመኑ ሦስት አራት ጓደኛሞች፣ አንድ ላፕቶፕና ሁለት ሃርድ ዲስክ ለጅማሬ ይበቃሉ።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ፍላሽ ላንሳ። ኪሳችን ውስጥ ያለውን ፍላሽ ማለቴ አይደለም፤ የድረ ገጽ እንቅስቃሴና ጨዋታ ይሠራበት የነበረውን ፕሮግራም ነው። በርካታ የኤሌክትሮኒክ ሥነ ጽሑፍ ሥራዎች በእሱ ተሠርተው ነበር። ባለቤቱ አዶቤ ኩባንያ በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ድጋፉን አቆመ። ፋይሎቹ በየኮምፒውተሩ አሉ፣ የሚከፍታቸው ግን ጠፋ። ራፍል የተባለ ነፃ ፕሮግራም በኋላ ብዙዎቹን አስነሳ፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ስለዚህ ስታስቀምጡ ሁልጊዜ «ነገ በምን ይከፈታል?» ብላችሁ ጠይቁ።

1. ፈቃድ ያዙ

ይሄ አጭር ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ሥራው እንዲቀመጥ ብቻ ነው ወይስ ለሕዝብም እንዲታይ? ይህን በሁለት መስመር አጽፉና አስፈርሙ። «ጓደኛዬ ነው፣ አይከፋውም» አያዋጣም።

2. ከምንጩ ሰብስቡ

ቻናል ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አትውሰዱ። ቴሌግራም ፎቶን ጨምቆ ነው የሚልከው። ዋናውን ከሠዓሊው ጠይቁ፣ «እንደ ፋይል» አድርጎ ይላክላችሁ። ቻናሉን በሙሉ ለማውረድ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ቴሌግራም ክፈቱ። ቻናሉ ውስጥ ገብታችሁ ሦስቱን ነጥቦች ስትነኩ «ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ» የሚል ታገኛላችሁ። እዚያ የፋይል መጠን ገደቡን ከፍ ማድረግ አትርሱ። አለዚያ ትልልቅ ቪዲዮዎችን ዘሎ ያልፋል፣ እናንተም ሁሉም የወረደ ይመስላችኋል።

3. አማርኛውን አድኑ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት ቁጥር የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ሰው የሚጽፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የየራሳቸው ኮድ ባላቸው ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለ ፋይል ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተዝረከረከበት ገጽ ይሆናል። አይታችሁ «ተበላሽቷል» ብላችሁ እንዳታጠፉት። ፎንቱን ፈልጉና ጫኑ፣ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩ፣ ከዚያ በዓይናችሁ መስመር በመስመር አስተያዩ። መቀየሪያ ፕሮግራሞች ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ላይ ይሳሳታሉ። አሮጌውንም ሆነ አዲሱን ፋይል አስቀምጡ። ለጽሑፍ ተራ የዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ አቀማመጥ) ፋይል፣ ለገጽ ቅርጽ ፒዲኤፍ/ኤ (ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ)፣ ለሥዕል ቲፍ ወይም ፒኤንጂ፣ ለድምፅ ዋቭ ወይም ፍላክ ያዙ።

4. ሲነበብ ቅረጹት

የሚነካና የሚንቀሳቀስ ሥራ ከሆነ የፕሮግራሙን ኮድ ከነሥዕሉና ከነድምፁ ተቀበሉ፣ ግን በዚያ አታቁሙ። ዲን ግሪጋርና ስቱዋርት ሞልትሮፕ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ደራሲዎችን በጥንቱ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው፣ የራሳቸውን ሥራ እያነበቡ እንዲያብራሩ በቪዲዮ ቀርጸዋል። እኛም ይህን በስልክ ካሜራ ማድረግ እንችላለን። ስክሪኑም እጁም ይታይ። የት እንደሚነካ፣ የት እንደሚቆም፣ ለምን እንደዚያ እንዳደረገው ይናገር። ኮዱ ነገ እምቢ ቢል ይህ ቪዲዮ ይተርፋል።

5. መዝገቡን ሙሉ

በኤክሴል ጀምሩ። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ መስመር፦ መለያ ቁጥር፣ ርዕስ፣ ደራሲ፣ የተሠራበት ፕሮግራም ከነቨርዥን ቁጥሩ፣ መጀመሪያ የወጣበት ቦታ፣ የሚከፈትበት መሣሪያ፣ ፈቃዱ፣ ቀኑ። ኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ያለው ኤልምሲአይፒ የተባለው የኤሌክትሮኒክ ሥነ ጽሑፍ የመረጃ ቋት በዋናነት መዝገብ ነው። ሥራውን፣ ደራሲውን፣ የቀረበበትን መድረክና የተጻፈበትን ሂስ ያያይዛል። ሥራው ከኔት ቢጠፋም እንደነበረ ይታወቃል።

ቀን ላይ ተጠንቀቁ። «12/1/2016» መስከረም 12 ነው ወይስ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ? ልዩነቱ ሰባት ዓመት ከምናምን ነው። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፣ ሁለቱንም አቆጣጠር አስገቡ። ሌላው ፊደል ነው። አንዱ «ጎንደር» ሌላው «ጐንደር» ብሎ ከመዘገበ ፍለጋው ግማሹን አያገኝም። የርዕሱን አጻጻፍ ደራሲው እንደጻፈው ተዉት፣ ለፍለጋ የሚሆን ሌላ ዓምድ ግን ጨምሩና እዚያ አንድ ዓይነት ፊደል ተጠቀሙ።

6. ሦስት ቦታ አስቀምጡ

ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት መቅደላ አከማችተው ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ 350 ገደማ ብራናዎች ወደ ለንደን ሄዱ። ዛሬም እዚያው ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። በ1973 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የብራና ማይክሮፊልም ሥራ ግን አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን አሜሪካ ሚኒሶታ አስቀመጠ። እናንተም እዚሁ ጎንደር ውስጥ አንዱን ዲስክ ፒያሳ፣ ሌላውን አዘዞ አድርጉ። ሦስተኛው ቅጂ ከከተማው ውጭ ወይም ኢንተርኔት ላይ ይሁን። ኔት በሌለበት ቀንም ሥራው እንዲከፈት ዋናው ቅጂ እጃችሁ ላይ ያለው ነው።

የእያንዳንዱን ፋይል ሃሽ መዝግቡ። ሃሽ እንደ ጣት አሻራ ነው፣ ፋይሉ ውስጥ አንድ ነጥብ ብትቀየር ይለወጣል። ሰቨን-ዚፕ የተባለው የፋይል ማሸጊያ ፕሮግራም ካላችሁ ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኤስኤችኤ-256 የሚለውን የሃሽ ዓይነት ምረጡ።

በዓመት አንዴ፣ ለምሳሌ የጥምቀት ግርግር ሲያልፍ፣ ሁለቱንም ዲስክ አንድ ላይ አምጡ። ሃሹን አስተያዩ፣ ከየፎልደሩ ጥቂት ፋይል ከፍታችሁ እዩ። የማይከፈት ካለ ከሌላው ቅጂ መልሱት። የምትጠቀሙበት ፓስዎርድ ከአንድ ሰው በላይ ጋ ይኑር። አንዱ ለሥራ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ጓደኛሞችም ይኮራረፋሉ። ስለዚህ የፓስዎርዱን አንድ ቅጂ በታሸገ ፖስታ አድርጋችሁ ከቡድኑ ውጭ ለሆነ፣ ሁላችሁም ለምታምኑት ሰው ስጡ።