ጠጉሩ የሳሳ በግ፦ የጉበት ትልን በወቅቱ መምታት

በጋችሁ እየጋጠ የማይወፍር፣ ጠጉሩም ሲሳብ እፍኝ እፍኝ የሚነቀል ከሆነ የመኖ እጥረት ብላችሁ አትለፉት። በለጋምቦ፣ በወረኢሉና በደሴ ዙሪያ ደጋ፣ ረግረግ ዳር የሚውል መንጋ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጉበት ትል ነው።

አንድ የደረሰ ትል በቀን እስከ ግማሽ ሚሊ ሊትር ደም ያሳጣል። መቶ ትል የተሸከመ በግ በየቀኑ ከቡና ሲኒ ግማሽ በላይ ያጣል ማለት ነው። ከደሙ ጋር ፕሮቲኑ ይሄዳል፤ የመብላት ፍላጎቱም ይዘጋል። ጠጉር ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ ይሳሳል፣ ይደርቃል፤ ለባና ሲፈተል እየተበጠሰ ፈታይዋን ያስመርራል።

የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጡ፤ ቀይ መሆን ሲገባው ከነጣ ደም አንሷል። ከግጦሽ ሲመለስ ከመንጋጋው ስር አብጦ ሌሊቱን የሚሟሽሽም አለ። የጨጓራ ትልም ይህንኑ ስለሚያደርግ ግን አትቸኩሉ። ለአረፋ ወይም ለፋሲካ ከመንጋው የታረደ ካለ የጉበቱን ሐሞት ቱቦ ሰንጥቃችሁ ጭመቁ፤ ቅጠል የመሰለ፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ትል ብቅ ይላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መድኃኒቱ ላይ ነው። አልቤንዳዞል የሚገድለው የደረሰውን ትል ብቻ ነው፤ ትሉ ለመድረስ ደግሞ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈጅበታል። በጥቅምት ያጠጣ ሰው ጉበት እየበሳ ያለውን ለጋ ትል ሳይነካው ገንዘቡን ከሰከሰ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ትራይክላቤንዳዞል ይሻላል፦ ለ1 ኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ግራም፣ ለ25 ኪሎ በግ 250። ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት፣ አልቤንዳዞል ይበቃል፤ 300 ሚሊ ግራሙ ፍሬ ለ40 ኪሎ በግ ነው። አውራ ከወጣባት ገና 1 ወር ላልሞላት በግ አልቤንዳዞል አትስጡ። አይቨርሜክቲን የጉበት ትልን አይነካም።

ክብደቱን በዓይን አትገምቱ፤ በጆንያ አንጠልጥላችሁ መዝኑ። ፍሬውን ፈጭታችሁ በሃይላንድ በጥብጡና በጉንጩ ጥግ ቀስ እያላችሁ አጠጡት። አንገቱን ወደ ሰማይ ከቀናችሁት ወደ ሳንባው ይገባል። ለእርድ የታሰበ ከሆነ የመድኃኒቱ መለያ ላይ የተጻፈውን የመቆያ ቀን፣ ማለትም ከወሰደ በኋላ ሳይታረድ የሚቆይበትን፣ አስሉ።

መድኃኒቱ ለነገ አይከላከልም። ትሉን የምታሳድገው ከ1 ሳንቲ ሜትር የማትበልጥ ቀንድ አውጣ ጭቃና የመስኖ ቦይ ዳር ናት፤ ሹል ጫፏን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስትይዟት አፏ በቀኝ በኩል ይከፈታል። እሷ ያለችበትን በእሾህ አጥሩት፣ ውሃውንም በገንዳ አጠጡ። ከጨፌ የታጨደ ሣር እርጥብ እንደሆነ አይሰጥ፤ በደንብ ደርቆ ወራት ይቆይ።

የሳሳው ጠጉር አይጠገንም። ሸልቱት፤ ሕክምናው መሥራቱ ከሥር በሚበቅለው ይታያል።