አንጎልን ለማጥናት ሜሪላንድ ለገባችሁ

በዲቪ መጥታችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ቤት አርፋችኋል እንበል። ኮግኒቲቭ ኒውሮሳይንስ (አንጎል እንዴት እንደሚያስብ የሚያጠና ሳይንስ) መማር እንደምትፈልጉ ስትናገሩ አክስት «ልጄ፣ ነርሲንግ አይሻልሽም?» ትላለች። በክፋት አይደለም፤ ነርሲንግ ቶሎ እንጀራ ያበላል። አንጎል እንዴት እንደሚያስታውስ፣ ቋንቋ እንዴት እንደሚይዝ ካላወቃችሁ እንቅልፍ የማይወስዳችሁ ከሆነ ግን መንገድ አለ።

ቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አትቸኩሉ። እዚያው ሰፈር ሞንትጎመሪ ኮሌጅ አለ። ሁለት ዓመት ተምራችሁ ኮሌጅ ፓርክ ወዳለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ታደርጋላችሁ፤ ኒውሮሳይንሱን የባዮሎጂና የሳይኮሎጂ ክፍሎች በጋራ ያስተምሩታል። ዩኒቨርሲቲው እንደ ነዋሪ አስቦ በቅናሽ እንዲያስከፍላችሁ 12 ወር ሜሪላንድ መኖራችሁን ማሳየት አለባችሁ። የቤት ኪራይ ውልና የታክስ ወረቀት እንዳትጥሉ። ግሪን ካርድ ካላችሁ ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሙሉ። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪ መንግሥት የሚሰጠው እርዳታ፣ የፔል ግራንት፣ ጣሪያው በ2024-25 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነበር፤ ብድር ስላልሆነ አይመለስም።

ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ግዴታ ነው። እኔ አደራ የምለው ግን ስታቲስቲክስን ነው። ኤፍ ኤም አር አይ የሚባለው የአንጎል ማንሻ ማሽን በሚያወጣው ምስል ላይ ቀይ የሚያበራው ቦታ የሐሳብ ፎቶ አይደለም። ማሽኑ የሚለካው በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን ሲለዋወጥ ነው፤ ቀለሙ የሚመጣው ከስሌት ነው። ስሌቱን ያልተረዳ ተማሪ ምስሉን ያያል እንጂ አያነበውም። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ቋንቋም ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ቀጥሎ ላቦራቶሪ። እኛ አስተማሪን በዝምታ ማክበር ለምደናል። እዚህ ግን ፕሮፌሰሩ ቢሮ ተቀምጦ ተማሪ የሚጠብቅበት ሰዓት አለው፤ ግቡና ጠይቁ። ኢሜይል ጽፎ «ላቦራቶሪዎ ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ» ማለት ድፍረት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢኢጂ የሚባለው መሣሪያ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚለካው የራስ ቆዳን ነክቶ ነው። እንደ እኛ ከርዳዳና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ላይ በደንብ አይቀመጥም። በዚህ ምክንያት ብዙ ጥቁር ሰዎች ከጥናት ይቀራሉ። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን ያስተዋለችው ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የነበረች ልጅ ናት። ፀጉሩ ሹሩባ ተሠርቶ በመሐል መሐሉ የሚቀመጥ የኢኢጂ መያዣ ከባልደረቦቿ ጋር ሠራች፤ ሥራው በ2020 ታትሟል።

ሹሩባ መሥራት የምትችሉ ከሆነ ለፕሮፌሰሩ በምትልኩት ኢሜይል ላይ ጻፉት።