የቤት ሶላር ሲዳከም፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ለመላው የኢትዮጵያ ሕዝብ ኤሌክትሪክ ለማዳረስ ሲያቅድ 65 በመቶውን ከዋናው መስመር፣ ቀሪውን 35 በመቶ ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆኑ አማራጮች፣ በተለይም በፀሐይ ኃይል ለመሸፈን አስቦ ነበር። መስመሩ እስካሁን ያልደረሰባቸው ቀበሌዎች ብዙ ናቸው፤ በእነዚህ አካባቢዎች ኩራዝን እየተካ ያለው ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ፓኔልና ጥግ ላይ የተቀመጠ ባትሪ ነው። ስርጭቱ በሰፋበት መጠን ግን የጥገና እውቀቱ አልሰፋም። ሶላሩ ሞተ ተብሎ በሚጣልበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሞተው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ያም ክፍል በአብዛኛው ፓኔሉ አይደለም። ጥራት ያለው ፓኔል በዓመት የሚያጣው ከአቅሙ ግማሽ በመቶ ገደማ ስለሆነ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለግላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲሰላ እጅግ ስለተወደደ፣ ሳይለኩ መቀየር ማንም ቤተሰብ ሊሸከመው የማይገባ ወጪ ሆኗል።

ይህ መመሪያ ከ50 እስከ ጥቂት መቶ ዋት ፓኔል ላለውና በ12 ቮልት ለሚሠራ ሶላር የተጻፈ ነው። የሚያስፈልገው መሣሪያ ቴስተር፣ ማለትም ቮልትና አምፔር መለኪያ፣ ብቻ ነው። ማንኛውንም ገመድ ከመንካት በፊት አንድ ቅደም ተከተል መጠበቅ አለበት፤ ሲፈታ መጀመሪያ ፓኔሉ ከኮንትሮለሩ (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኃይል ከሚቆጣጠረው ሳጥን) ይነቀላል፣ ቀጥሎ ባትሪው፤ ሲገጠም ደግሞ ባትሪው ይቀድማል፣ ፓኔሉ ይከተላል። ብዙ ኮንትሮለሮች የሥርዓቱን ቮልት የሚያውቁት ከባትሪው ስለሆነ፣ ባትሪ በሌለበት ፓኔል ማገናኘት ኮንትሮለሩን ሊያቃጥለው ይችላል። በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ ቁልፍ ወይም ፒንሳ እንዳይወድቅ መጠንቀቅም ያስፈልጋል፤ ትንሽ የሚመስለው 12 ቮልት ሾርት ሲያደርግ ብረት ያቀልጣል።

ምልክት፦ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ይቆይ የነበረው መብራት 2 ሰዓት ላይ ይጠፋል

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ መንስኤውም ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ፍጆታው ጨምሯል፣ ወይ ባትሪው በቀን በበቂ አይሞላም፣ ወይ ባትሪው የመያዝ አቅሙን አጥቷል። ሦስቱ ማታ ላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት ስለሚመስሉ፣ ሰው ሁሉ የመጨረሻውን ይጠረጥርና አዲስ ባትሪ ይገዛል። የመጀመሪያው መንስኤ ካልተወገደ ግን አዲሱም ባትሪ ብዙ ሳይቆይ የአሮጌውን ዕጣ ያገኛል።

ስለዚህ ከፍጆታው መጀመር ይሻላል። 100 ዋት ፓኔል በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ በስሌት 500 ዋት ሰዓት ያመነጫል፤ በሙቀት፣ በአቧራ፣ በገመድና በባትሪ የሚባክነው ሲቀነስ ለቤቱ የሚተርፈው 350 ገደማ ነው። አሁን አንድ ቤት 7 ዋት የሆኑ 4 አምፖሎችን ለ5 ሰዓት ቢያበራ 140 ዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ይህ ምንም ችግር የለውም። በኋላ 60 ዋት የሚፈጅ ቴሌቪዥን ተገዝቶ እሱም 5 ሰዓት ሲከፈት 300 ይጨመርና ድምሩ 440 ይሆናል። በየቀኑ 90 ዋት ሰዓት ይጎድላል ማለት ነው። 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የእርሳስ አሲድ ባትሪ ሲሞላ 1200 ዋት ሰዓት ቢይዝም፣ ዕድሜው እንዳያጥር መጠቀም የሚገባው ግማሹን፣ 600ውን ነው። የየቀኑ ጉድለት ሲደማመር ያ 600 በአንድ ሳምንት ውስጥ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ባትሪው ሁልጊዜ ከግማሽ በታች ሆኖ ይኖራል። መፍትሄው ፓኔል መጨመር ወይም ፍጆታውን መቀነስ እንጂ ባትሪ መቀየር አይደለም።

ፍጆታው ካልጨመረ ቴስተሩ ይውጣ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ፓኔሉን ሳትመታ፣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ የባትሪው ቮልት ይለካ። 12.7 ገደማ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ባትሪው በየሌሊቱ ከልክ በላይ እየተሟጠጠ ነው። ቀጥሎ በቀን፣ ፓኔሉ እየሞላ እያለ ይለካ። ቀኑን ሙሉ 14 ቮልት ሳይደርስ ከመሸ ባትሪው እየተራበ ነውና ጥፋቱ የሚፈለገው ወደ ፓኔሉና ወደ ገመዱ ነው። ከወጣች ብዙም ባልቆየች ፀሐይ ፈጥኖ 14.4 ደርሶ፣ ማታ አንድ አምፖል ሲበራ ወዲያው ወደ 12 የሚወርድ ከሆነ ግን ባትሪው በእርግጥ አርጅቷል። ግማሽ ጎደሎ ሆኖ ለሳምንታት የቆየ ባትሪ በእርሳስ ሳህኖቹ ላይ የሰልፌት ጠጣር ይጋገርበታል፤ የተጋገረው ቦታ ደግሞ ከእንግዲህ ኃይል አይዝም።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ውሃው በየወሩ መታየት አለበት። ሳህኖቹ ከውሃ በላይ ብቅ ካሉ እስኪሸፈኑ ድረስ የተጣራ የባትሪ ውሃ ይጨመራል፤ እስከላይ የሚሞላው ግን ባትሪው በደንብ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ነው። የቧንቧም የምንጭም ውሃ ማዕድን ስላለው ባትሪውን ይጎዳል። የጎደለው ውሃው ብቻ ስለሆነ አሲድ መጨመርም ስህተት ነው። በሚቀየርበት ጊዜ የመኪና ባትሪ ርካሽ መስሎ ይታያል፤ ሆኖም የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ለአፍታ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ እንጂ በየሌሊቱ እንዲሟጠጥ አይደለምና ቶሎ ይሞታል። አሮጌና አዲስ ባትሪ አጣምሮ ማሠራትም አዲሱን ወደ አሮጌው ደረጃ ያወርደዋል። አቅም ላለው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተሻለ ምርጫ ነው፤ ነገር ግን የኮንትሮለሩ ቅንብር ወደ ሊቲየም መቀየር አለበት፣ ከላይ የተጠቀሱት የቮልት ቁጥሮችም ለእሱ አይሠሩም።

ምልክት፦ ፀሐይ እያለ ባትሪው አይሞላም

ፓኔሉ ከኮንትሮለሩ ተነቅሎ በጠራ ፀሐይ ሁለቱ ጫፎቹ ይለኩ። ለ12 ቮልት ሥርዓት የተሠራ ፓኔል ከ20 እስከ 22 ቮልት ካሳየ በሕይወት አለ። ምንም ካላሳየ በጀርባው ያለው የመገናኛ ሳጥን ይከፈትና የተበጠሰ ወይም የዛገ ገመድ ይፈለግ። ቮልቱ ደህና ሆኖ አምፔሩ ካነሰ ጥላና አቧራ ይታሰቡ። በፓኔሉ አንድ ጥግ ላይ የሚያርፍ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥላ የሚቀንሰው ያንን ጥግ ብቻ አይደለም፤ ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ የምርቱን ግማሽ ሊወስድ ይችላል። ሲተከል ችግኝ የነበረው ዛፍ ዛሬ ከጣሪያው በላይ መሆኑን ብዙዎች ልብ አይሉትም። በበጋ አቧራውን በጠዋት፣ መስተዋቱ ሳይግል፣ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ማጽዳት ያስፈልጋል።

አቀማመጡም ይታይ። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፓኔሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ዘንበል ቢል ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ማቆም ፀሐይ በቀትር ወደ ሰሜን በምታዘነብልባቸው የግንቦትና የሰኔ ወራት ምርት ያሳጣል። በቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ የተመታ ፓኔል ደግሞ ይግላል፤ ሴሎቹ 65 ዲግሪ ሲደርሱ ኃይላቸው ወደ 15 በመቶ ስለሚቀንስ ከሥሩ አየር የሚያልፍበት የአንድ ስንዝር ክፍተት ይተውለት።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ገመዱ ነው። 10 አምፔር በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ 10 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 1.4 ቮልት በመንገድ ይቀራል። በ220 ቮልት መስመር ይህ ኢምንት ነው፤ በ12 ቮልት ግን ከአሥር አንድ በላይ ነው። በ6 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢተካ ኪሳራው ወደ 0.6 ይወርዳል። ባለሙያ ነኝ ብሎ የቤት መብራት ሽቦ ለሶላር የሚዘረጋ ሰው ይህን ስሌት ሠርቶ እንዲያሳይ መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው። በባትሪው ራስ ላይ የሚታየው ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገትም እንዲሁ ቮልት ይበላል፤ በቤኪንግ ሶዳና በውሃ ታጥቦ፣ ደርቆና ጠብቆ ከታሰረ በኋላ ቫዝሊን ይቀባ።

ምልክት፦ ኢንቨርተሩ ይጮሃል፣ ከዚያ ይጠፋል

ኢንቨርተር የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት የሚቀይር መሣሪያ ነው። ባዶውን ሲሠራ ደህና ሆኖ ዕቃ ሲሰካበት ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ዕቃው ከአቅሙ በላይ ነው። ማቀዝቀዣ ሲነሳ ከተጻፈበት ዋት ብዙ እጥፍ ይስባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይፈጃል፤ ከ12 ቮልት ባትሪ ሲሰላ ወደ 290 አምፔር ይሆናል፣ ይህን የሚሸከም የቤት ሶላር የለም። እንጀራ በሶላር ይጋገራል ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ካለ የባትሪውንና የኢንቨርተሩን መጠን በጽሑፍ ያቅርብ።

በየወሩ እየተከፈለበት የሚወሰድ ሶላር በድንገት ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ የወሩ ክፍያ ሲያልፍ መሣሪያው ራሱን ይቆልፋልና ከመፍታት በፊት የመክፈቻ ኮዱ ይጠየቅ።

ምልክት፦ በጤና ኬላው ወይም በትምህርት ቤቱ የተተከለው ሶላር በጥቂት ዓመታት ቆሟል

እዚህ ላይ ቴስተር ብቻውን አይበቃም። ሶላሩ በርዳታ ሲተከል ፓኔሉም ባትሪውም ይመጣል፤ ባትሪው ከዓመታት በኋላ እንደሚያልቅ እየታወቀ መተኪያው ግን በማንም በጀት ውስጥ አይገባም። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ይሆናል፤ ያ ሰው ሲዛወር ውሃ የሚሞላው ይጠፋል። አዋላጇ በሌሊት በስልክ መብራት እንድትሠራ የሚያደርጋት ይህ ነውና እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባም። መፍትሄው ርክክቡ ላይ ይጀምራል፦ ኃላፊው በስም ሳይሆን በሥራ መደብ ይወሰን፤ በባትሪው አጠገብ የጠዋት ቮልትና ውሃ የተሞላበት ቀን የሚመዘገብበት ደብተር ይሰቀል፤ የባትሪው መተኪያ ገንዘብ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ይያዝ። ለክትባት ማቀዝቀዣ በተተከለ ፓኔል ላይ ስልክ መሙያም ሆነ ሌላ ዕቃ ፈጽሞ አይቀጠልም፤ ብዙዎቹ ባትሪ የሌላቸውና የቀኑን ፀሐይ በበረዶ መልክ የሚያከማቹ ስለሆኑ የተቀነሰባቸው ኃይል በቀጥታ ከክትባቱ ቅዝቃዜ ላይ ይቀነሳል።

የሞተው የእርሳስ ባትሪ በግቢ ውስጥ አይጣል፣ አሲዱም በማሳ ላይ አይደፋ። እርሳስ የሕፃናትን አንጎል የሚጎዳ መርዝ ስለሆነ፣ ባትሪው ሳይከፈት እንዳለ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ተቀምጦ አሮጌ ባትሪ ለሚረከብ ሻጭ ይመለስ፤ አዲሱ ሲገዛም የአሮጌው ዋጋ እንዲታሰብ ይጠየቅ።