ማታ ወጥቶ ያልተመለሰ ልጅ "አፋልጉኝ" ሲደርሳችሁ

ፖስቱን ታውቁታላችሁ። የ20 ዓመት ልጅ ነው፣ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ወጥቶ አልተመለሰም፣ ስልኩ አይሰራም። ፎቶው ላይ ይስቃል። ልባችሁ ድንግጥ ይላል፣ ሼር ታደርጋላችሁ፣ ከዛ ኮመንት ትከፍታላችሁ። እዛ ደግሞ ሌላ ዓለም አለ። "አብረውት የነበሩት ያውቃሉ።" "የሴት ነገር ነው።" "ራይዱ ነው።" "ታግቷል፣ ብያለሁ።" ፖሊስ ገና ስም ሳይመዘግብ ኮመንቱ ፍርድ ሰጥቶ ጨርሷል።

መካሪ መስዬ እንዳልታይ መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰፈራችን ልጅ ሰርግ ብሎ ወጥቶ ሳይመለስ አደረ። ፎቶው በቴሌግራም መጣልኝ፣ እኔም ለሦስት ግሩፕ አሳለፍኩት፣ እግረ መንገዴን ግን አንዲት መስመር ጨመርኩበት፦ "አብሮት የወጣው ጓደኛው የሚያውቀውን አልናገርም ብሏል አሉ።" ማን እንዳለ አላውቅም። ታክሲ ውስጥ የሰማሁት ይመስለኛል። ልጁ በማግስቱ ሰበታ አክስቱ ቤት ተገኘ፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ፣ ራሱም ከሰርጉ መጠጥ ገና ሳይነቃ። ተሳቀ፣ ተረሳ። ጓደኛውን ግን የልጁ እናት እስከዛሬ በደህና ዓይን አያዩትም። ያቺ "አሉ" የኔ ነበረች።

እና ይሄ የኛ ሰፈር ጠባይ ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች ዓመቱን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን በሀበሻ ነው የምጽፈው፣ ለምን እንዳልኩ ወደ ታች ይገባችኋል። ጁን 2024 ላይ ከላንክሻየር የመጣ የ19 ዓመት እንግሊዛዊ፣ የግንበኝነት ሙያ እየተማረ ያለ ልጅ፣ ለሙዚቃ ፌስቲቫል ቴኔሪፍ የምትባለው የስፔን ደሴት ላይ ነበር። ማታ ክለብ አመሹ። ከዛ ከሁለት ሰዎች ጋር ማስካ የሚባል ተራራማ መንደር ውስጥ ወዳለ የኪራይ ቤት ሄደ፣ ካረፈበት ከተማ በጣም ርቆ ማለት ነው። ጁን 17 ጠዋት ለመመለስ ፈለገ፣ አውቶቡስ ገና ነው፣ በእግሩ ተነሳ። ያ መንገድ በእግር 11 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለጓደኛው ደውሎ መንገድ እንደጠፋው፣ ውሃ እንደጠማው፣ ባትሪው 1 ፐርሰንት እንደቀረው ተናገረ። ስልኩ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ50 አካባቢ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። የፌስቡክ ግሩፖች ተከፈቱ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ገባባቸው። ዕፅ ነጋዴዎች ገድለውታል ተባለ። በውድ የእጅ ሰዓት ጦስ ነው ተባለ። ቤተሰቡ ለተዋጣው ገንዘብ ሲል ደብቆታል ያለም አለ፣ እናትየው ይህን ሁሉ እያነበቡ። ቲክቶከሮች ደሴቷ ድረስ ሄደው ፍለጋውን ላይቭ አስተላለፉ። ልጁ አብሯቸው ወደ ኪራይ ቤቱ የሄደው ሁለት ሰዎች፣ ፖሊስ ከጉዳዩ ጋር አይገናኙም ቢልም፣ ፎቷቸው "ገዳዮች" ተብሎ ዞረ። ጁላይ 15 ላይ የስፔን ተራራ አዳኞች አስከሬኑን አገኙ፣ ስልኩ መጨረሻ ከታየበት አካባቢ፣ ገደላማ ቦታ ላይ። በ2025 እንግሊዝ ውስጥ ጉዳዩን የመረመረው ችሎት የደረሰበት ድምዳሜ ድንገተኛ አደጋ የሚል ነው። ወድቆ ጭንቅላቱን ተመቶ። ያ ሁሉ ወሬ ዓለምን ሲዞር ልጁ የትም አልሄደም ነበር።

ሼር ከማድረጋችሁ በፊት

ቀኑን እዩ። "ትናንት ማታ ወጥቶ..." የሚለው ትናንት የዛሬ ሦስት ዓመት ሊሆን ይችላል። የተገኘ ልጅ ፎቶ ለዓመታት ሲዞር፣ ልጁ ራሱ "አለሁ እኮ" እያለ ሲጽፍ ያየ ሰው ይገባዋል። ፎቶውን በጎግል ሌንስ ፈልጉት፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ወይም መጀመሪያ የለጠፈው ሰው ገጽ ላይ ግቡ፣ "ተገኝቷል፣ እናመሰግናለን" የሚል ብታገኙስ።

ስክሪንሾት አታሳልፉ። ዋናውን ፖስት ሼር አድርጉ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን አይደለም፦ ፌስቡክ ላይ ዋናው ፖስት ሲታረም ወይም ሲጠፋ የናንተም ሼር አብሮ ይታረማል ወይም ይጠፋል፣ ስክሪንሾት ግን አንዴ ከወጣ ማንም አይመልሰውም።

ፖስቱ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር የማን እንደሆነ አጣሩ። ቤተሰብም ፖሊስም ያልሆነ፣ "መረጃ ካላችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ" የሚል ሰው ተከታይ እየሰበሰበ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም የከፋ ሊሆን ይችላል። በተለይ ጠፋች የተባለችው ሴት ስትሆን ሁለቴ አስቡ። የሚፈልጋት ሰው ሁሉ የሚወዳት አይደለም። ከሚደበድባት ባል ያመለጠች አለች፣ አረብ አገር ከአሠሪዋ ቤት ሌሊት የወጣች አለች። ፎቶዋን ያሰራጫችሁት ለማን እንደሆነ አታውቁም። እንግሊዝ አገር አዋቂ ሰው ተፈልጎ ሲገኝ ፖሊስ ለቤተሰቡ ደህና መሆኑን ይነግራል፣ ያለበትን ግን እሱ ካልፈቀደ አይናገርም። "መረጃውን ለፖሊስ ስጡ" የሚል ፖስት "ለኔ ስጡኝ" ከሚለው የሚሻለው ለዚህ ነው።

ኮመንት ላይ

እጃችሁ ሊጽፍ ሲል ዓረፍተ ነገራችሁን "አሉ" በሚል ፈትሹት። መጨረሻው ላይ "አሉ" ቢገባ የሚስማማው ከሆነ አትጻፉት። በዓይናችሁ ያያችሁት ነገር ካለ ደግሞ ቦታው ኮመንት አይደለም፣ ስልክ ነው። ደውሉና የት፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ለብሶ እንደነበር ተናገሩ። "የሚመስል ልጅ ፒያሳ አየሁ" ብሎ ጽፎ መጥፋት አንድ አባት በታክሲ ፒያሳን ሲያስስ እንዲውል ማድረግ ነው።

ፎቶ ከፎቶ አታመሳስሉ። በ2013 ቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ ሬዲት የሚባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ ያሉ ሰዎች ከተጠርጣሪዎቹ አንዱን "አወቅነው" አሉ። ያሉት ልጅ ከፍንዳታው አንድ ወር ያህል ቀድሞ የጠፋ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ቤተሰቡ ልጃችንን አፋልጉን ብሎ የከፈተው የፌስቡክ ገጽ በስድብ ስለተጥለቀለቀ ለመዝጋት ተገደደ። አስቡት፣ የመፈለጊያ ገጹን ነው የዘጉት። ልጁ ከቀናት በኋላ ወንዝ ውስጥ ሞቶ ተገኘ፣ በቦምቡም ምንም እጅ አልነበረውም። ሬዲት ይቅርታ ጠየቀ።

የተለያዩ ሞቶችንም በአንድ ክር አትስፉ። አሜሪካ ውስጥ ማታ ጠጥተው ወጥተው ወንዝ ውስጥ የተገኙ ወጣት ወንዶችን ሁሉ አንድ ገዳይ ቡድን ነው የጨረሳቸው የሚል ወሬ ለዓመታት ኖሯል። ኤፍቢአይ በ2008 ሞቶቹን የሚያያይዝ ማስረጃ አላገኘሁም፣ አብዛኞቹ ከመጠጥ ጋር የተያያዙ መስጠሞች ይመስላሉ አለ። ወሬው ግን አልሞተም፣ ማንቸስተር ላይም ቦዮቹ ዳር ሰው የሚገፋ ገዳይ አለ ተብሎ ተወርቷል። ሰክሮ ጨለማ ውስጥ በውሃ ዳር መሄድ ብቻውን ይገድላል፣ ግን እንዲህ ያለ ታሪክ ላይክ አያመጣም።

አሁን ደግሞ በጣም ወደሚያናድደኝ ልምጣ። "በሌሊት ምን ልትሰራ ወጣች?" ይሄን የሚጽፍ ሰው ፍለጋውን ራሱ ይጎዳዋል፣ ነውርነቱን ትተን ማለቴ ነው። ምክንያቱም ቤተሰብ ይሄን ኮመንት ቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ ቦሌ ክለብ የነበረችውን ልጅ "ከጓደኛዋ ቤት ስትመለስ" ብሎ ይጽፋታል። ጓደኞቿም አብረናት ነበርን ለማለት ይፈራሉ፣ አንዱ ያገባ ነው፣ አንዷ ለእናቷ ጥናት ነኝ ብላ ነው የወጣችው። እና ሰው ሁሉ ልጅቷ ያልነበረችበት ሰፈር ይፈልጋታል። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንዲህ ሆነው ያልቃሉ። እውነቱን የሚያውቀው ሰው አፉን የሚዘጋው ኮመንቱን አንብቦ ነው።

የናንተው ልጅ ከሆነስ

24 ሰዓት ይሙላው የሚለውን እርሱት። እንግሊዝም አሜሪካም ፖሊስ ጠብቁ አይልም። አዲስ አበባ 991 ደውሉ፣ ወይም ቅርብ ያለው ጣቢያ በአካል ሂዱ። ዘመዳችሁ ውጭ አገር ከሆነ በአማርኛ ከመለጠፋችሁ በፊት እዛው ያለ ሰው እዛው ይደውል፦ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 100፣ ኤምሬትስ 999።

በመደወል ስልኩን አትግደሉት። ሃምሳ ሰው ተራ በተራ ሲደውል የቀረችው ባትሪ ታልቃለች። አንድ ሰው አንድ አጭር መልእክት ይላክ፦ "ባለህበት ቁም፣ የት እንደሆንክ ጻፍልን።" ላፕቶፑ ላይ ጂሜይሉ ክፍት ከሆነ ስልኩ ያለበትን ከዛ ማየት ይቻል ይሆናል፣ የይለፍ ቃሉን ግን አትቀይሩ። ከቴሌ የመጨረሻውን ቦታ ማግኘት የምትሞክሩት በፖሊስ በኩል ነው።

ከዛ በእግር። ጣቢያዎችን ጠይቁ፣ ጠብ ውስጥ ገብቶ እዛ ያደረ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታሎችን፣ አደጋ የሚሄድባቸውን ጥቁር አንበሳንና አቤትን ሳትረሱ። ክለቡ በር ላይ ያለውን ጥበቃ፣ መኪና ጠባቂውን፣ ጎን ያለችውን የሲጋራና ማስቲካ ሻጭ አናግሩ፣ ከማንም በላይ የሚያዩት እነሱ ናቸው። የካሜራ ቅጂ እንዲቀመጥላችሁ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፣ ብዙ ካሜራ ከጥቂት ቀን በኋላ የድሮው ላይ ይቀዳል። ጓደኞቹን አንድ በአንድ፣ ለብቻ፣ ሳትጮሁ። "ለወላጆችሽ አልናገርም" በሉና ቃላችሁን ጠብቁ።

ፖስቱን ስትጽፉ ግምት አትጨምሩ። ስም፣ ዕድሜ፣ የቅርብ ፎቶ፣ ልብስ፣ መጨረሻ የታየበት ቦታ። ክለብ ከነበረ ክለብ በሉ። እና ሰዓቱ! "ለእሁድ አጥቢያ በ8 ሰዓት" ተብሎ ሲጻፍ እዚህ ያለው ሌሊት 8 ይለዋል፣ ዋሽንግተን ያለው ዘመድ ግን 8ቱን በፈረንጅ ሰዓት ወስዶ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ነው ብሎ ያነበዋል። ስድስት ሰዓት ልዩነት ነው፣ ልጁ ገና ቤት እራት እየበላ የነበረበት ሰዓት ማለት ነው። "በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት" ብላችሁ ጨርሱት። ቀኑንም እንደዛው።

ስልክ ቁጥሩ የእናትየው አይሁን። ረጋ ያለ አጎት ወይም የቤተሰብ ጓደኛ ይያዘው፣ ደብተር ይዞ፣ ማን መቼ ምን እንዳለ ይጻፍ። ምክንያቱም ይደወላል። "ልጁ እኛ ጋ ነው፣ በቴሌብር ይሄን ያህል ላኩ" የሚል ይመጣል፣ ፖስቱን ብቻ አንብቦ። ለዚህ ነው አንድ ነገር ሳትለጥፉ የምታስቀሩት፦ ጠባሳ፣ ቀለበት፣ የካልሲው ቀለም። የደወለው ሰው እሱን ካላወቀ ልጁን ላያውቀው ይችላል። እገታ አገራችን ውስጥ በእውነት ያለ ነገር ስለሆነ ግን ስልኩን ጆሮው ላይ አትዝጉ፣ አትሳደቡም፣ አትላኩም። ቁጥሩን መዝግባችሁ ወዲያው ለፖሊስ።

ሲያልቅ

ልጁ ሲገኝ፣ በሕይወትም ይሁን በሌላ፣ ፖስቱ ላይ መጀመሪያ መስመር ላይ "ተገኝቷል" ብላችሁ አርሙት። የት ነበር፣ ከማን ጋር፣ የሚለው የማንም ዕዳ አይደለም። ሼር ያደረጋችሁም ያላችሁትን ሄዳችሁ አጥፉ፣ ስሙ የተነሳበት ሰው ካለ ደግሞ ባጠፋችሁበት ቦታ "ተሳስቼ ነበር" ብላችሁ ጻፉ።

እኔ የኔን ዘንድሮ ፈልጌ አገኘሁት። ከሁለቱ ግሩፕ አጠፋሁት። ከሦስተኛው በሌላ ጭቅጭቅ ካስወጡኝ ቆይቷል፣ መልሶ አስገባኝ ብዬ ለአድሚኑ ጽፌለታለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም።