ሊብሬ የሌለው ያገለገለ ሞተር ሳይክል በስማችሁ እንዴት ይዞራል?

«ወረቀቱ ችግር የለውም፣ ይመጣል።»

ያገለገለ ሞተር ስትገዙ ይህን ከሰማችሁ ወረቀቱ ችግር አለው። እኔ የሰማሁት ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ነው፤ ብርዱ ጣት በሚያደነዝዝበት የኅዳር ጠዋት። የድሮ ያማሃ ናት። ሻጩ ልጅ ሲረግጣት በአንድ ምት ተነሳች። በዚያ ብርድ! እዚያው አለቀልኝ።

በእጁ የነበረው የሊብሬ (የባለቤትነት ደብተር) ፎቶ ኮፒ ብቻ ነበር። ኮፒው ላይ ያለው ስም የእሱ አይደለም። ሞተሯ ሦስት እጅ አልፋ ነው እሱ ጋ የደረሰችው፤ አንዳቸውም ስም አላዛወሩም። እኔ በስሜ ለማዞር ከኅዳር እስከ ሰኔ ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ሞተር ሊገዛ የሚያስብ ሰው ሲጠይቀኝ የምለው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ሰውየውን ፈልግ። የጠፋ ሊብሬ ምትክ ይወጣለታል። በትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ፋይል ላይ ስሙ ያለው ሰው፣ ወይም ወራሹ፣ ካልተገኘ ግን ማንም ምንም ሊያደርግላችሁ አይችልም።

ቁጥሮቹን ከብረቱ ላይ አንብቡ

ከዋጋ ክርክር በፊት አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽ ነጭ ጋዝ፣ ስስ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ቢስቅባችሁ ይሳቅ። የሻንሲ (የአካሉ ብረት) ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ መሪው በሚዞርበት አንገት ላይ ተቀርጿል። የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ሞተሩ አካል ላይ ወደ ታች ነው፤ በቅባትና በጭቃ ስለሚሸፈን መፋቅ ይፈልጋል። ሲጸዳ ወረቀቱን ደርባችሁ እርሳሱን ጋደም አድርጋችሁ አሹበት። ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ወረቀቱን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩት። አኃዞቹ እኩል ጠልቀዋል? መስመሩን ጠብቀዋል? የሞረድ ጭረት አለ? ቀለሙ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ከሆነ፣ ወይም አንዱ አኃዝ ከሌሎቹ ከተለየ፣ አመስግናችሁ ሂዱ። እንዲህ ያለውን ሞተር ወረቀት አያድነውም።

በአዲሶቹ ሞተሮች ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ፊደልና አኃዝ ተደባልቆ 17 ነው። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ነው። ስለዚህ ውል ጸሐፊው «ኦ» ብሎ ካነበበ ዜሮ በሉት። በሕንድ የተሠራ የባጃጅ ኩባንያ ሞተር በኤም-ዲ-2፣ ቲቪኤስ ደግሞ በኤም-ዲ-6 ይጀምራል። የባጃጁ ቦክሰር ነው ተብላችሁ በሌላ የሚጀምር ካያችሁ ጠይቁ። የድሮዎቹ ቁጥር አጠር ይላል።

የእኔዋ ያማሃ ብረት ላይ በመጨረሻ ያለው አኃዝ 3 ነው። ፎቶ ኮፒው ላይ 8 ይላል። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

ፋይሉ ያለበት ቦታ ሂዱ

ሰሌዳው ላይ አማ፣ አአ ወይም ኦሮ የሚለውን እዩ። ፋይሉ ያለው ሰሌዳውን የሰጠው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። አዲስ አበባ ከሆነ 130 ኪሎ ሜትሩን መሄድ ነው፣ ምን ይደረጋል። ሻጩን ይዛችሁት ሂዱ፤ ለማያውቁት ሰው የሌላ ሰው ፋይል አይከፍቱም። አልሄድም ካለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

እዚያ አራት ነገር ጠይቁ። በማን ስም ነው? የፍርድ ቤት ወይም የባንክ እግድ አለበት? ያልተከፈለ ቅጣት አለ? ቦሎ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ ነው? ቁጥሮቹንም ከእርሳስ ወረቀታችሁ ጋር አመሳክሩ። የእኔን ፋይል ሲከፍቱት 3 ይላል። ኮፒው የኮፒ ኮፒ ስለነበር ነው 8 የመሰለው።

ደላላ እዚህ ላይ ጠበቃ ይሆናል። «ሕጉ እኮ በእጁ የያዘ ባለቤት ነው ይላል» ይላችኋል። እውነት አለው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1193 ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ የያዘን ሰው ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል። ለመንዝ በግና ለአልጋ ይሠራል። ተሽከርካሪ ግን በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚመዘገብ ንብረት ነው። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ የሚያየው ፋይሉን እንጂ ሞተሯ ላይ ማን እንደተቀመጠ አይደለም።

የእናንተ ጉዳይ የትኛው ነው?

ቀላሉ፣ ሻጩ ራሱ ፋይሉ ላይ ያለው ሰው ሆኖ ሊብሬው ጠፍቶበት ከሆነ ነው። ከፖሊስ የመጥፋት ማስረጃ ያውጣ፣ ምትክ ሊብሬ ይጠይቅ፣ ከዚያ ይሽጥላችሁ። ቅደም ተከተሉን አታገላብጡ። «ግዛና አብረን እናወጣለን» የሚባለው ገንዘቡ እስኪቆጠር ነው።

ባለቤቱ ሌላ ሰው ሆኖ በሕይወት ካለ፣ መጥቶ በቀጥታ ለእናንተ ቢሸጥ ወይም ውክልና ቢሰጥ ይሻላል። ውክልናው ላይ «ለመሸጥና ስም ለማዛወር» የሚል በግልጽ መጻፍ አለበት። «ስለ ንብረቴ ሁሉ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለሽያጭ አይበቃም። ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ፣ ካላገባ ያለማግባት ማስረጃ ይጠየቃል።

አሮጌ ውክልና ካሳዩአችሁ ግን ሰጪው ዛሬ በሕይወት መኖሩን አረጋግጡ። ሰጪው ሲሞት ውክልናው አብሮት ይቀራል። እኔን ያሰረኝ ይህ ነው። ልጁ ማኅተም ያለው ቆንጆ ውክልና ነበረው። ሰጪው ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ስለዚህ በጣርማበር ታጥፌ ሞላሌን አልፌ መሐል ሜዳ ሄድኩ። ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። የሟች ሚስት ቡና ላይ ነበሩ። «እትዬ፣ ስለ ሞተሩ ነው የመጣሁት» ስላቸው፣ «ያቺ ሞተር አሁንም ትሄዳለች?» አሉና ሳቁ። ከዚያ አለቀሱ። ሦስተኛውን ቡና ጠጥተን ነው ስለ ወረቀት ያወራነው።

ባለቤቱ ከሞተ መንገዱ ይህ ነው። የሞት ምስክር ወረቀት ይወጣል። ወራሾቹ ለፍርድ ቤት አመልክተው የወራሽነት ማስረጃ ያወጣሉ፤ ምስክር ይቆጠራል። በትዳር ውስጥ የተገዛች ከሆነ ሚስት በራሷ ድርሻ አላት፣ የተረፈው ነው ለወራሾች። ስለዚህ እሷም ትፈርማለች፣ እያንዳንዱ ወራሽም ይፈርማል ወይም ይወክላል። ሩቅ ያለ ልጅ ካለ ጊዜ ይበላል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ካለ ደግሞ ሞግዚትና ተጨማሪ የፍርድ ቤት ጉዳይ አለበት፤ እንዲህ ከሆነ እኔ ሌላ ሞተር እፈልጋለሁ። የእትዬ ሦስቱም ልጆች አዋቂ ነበሩ፤ አንዱን አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ነው ያስፈረምኩት። የትራንስፖርቱንም የምሳውንም እኔ ቻልኩ። ተገቢ ነው፤ የቸገረኝ እኔ ነኝ።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጨረታ የተሸጠች ከሆነ የአሸናፊነት ደብዳቤውንና የክፍያ ደረሰኙን አምጡ በሉ። ደረሰኙ ከጠፋም ሻጩ መሥሪያ ቤት የራሱ ቅጂ ስለሚኖረው መጠየቅ ያዋጣል።

ሰሌዳም ፋይልም ኖሯት የማታውቅ ከሆነ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን (አገር ስትገባ የተመዘገበችበት ወረቀት) ካልተገኘ በቀር፣ ኮንትሮባንድ ናት ብላችሁ ተነሱ። ዋጋዋ ግማሽ የሆነው ያለ ነገር አይደለም። ስትያዝ ትወረሳለች። ገንዘባችሁን የወሰደው ሰው ስልኩ አይነሳም።

ውሉና ገንዘቡ

ሰውየው ከተገኘ በኋላ ነው ውል የሚጻፈው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከብረቱ ተነብቦ ይግባ። ሁለት ምስክር ይፈርም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለጽሑፍ ውል የሚፈልገው ነው። ከዚያ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አስመዝግቡት።

ቀብድ ትንሽ ስጡ። በሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ቀሪው ገንዘብ የሚከፈለው ስም ሲዛወር ነው ተብሎ ይጻፍ። ሻጩ እዚህ ላይ ያኮርፋል፤ ቻሉት። ግብር ለመቀነስ ዋጋውን አሳንሳችሁ አትጻፉ። ነገ ውሉ ቢፈርስ የምትጠይቁት የተጻፈውን ነው።

የቀረው ሩጫ

ስም ዝውውሩን ለማመልከት መታወቂያ፣ የተመዘገበው ውል፣ እንደ ሁኔታው የወራሽነት ማስረጃው ወይም ውክልናው፣ እና ምትክ ሊብሬ ያስፈልጋል። ሞተሯ ምርመራ ትገባለች። መብራትና ፍሬን ቀድማችሁ አሠሩ፤ ለአንድ ፍሬቻ ተብሎ ሌላ ቀን መመለስ ያበሽቃል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፣ እሱንም ግቡ። የቴምብር ቀረጥና የአገልግሎት ክፍያ ይከፈላል። ፋይሉ ሌላ ክልል ከሆነ ወደ አካባቢያችሁ እንዲላክ ታመለክታላችሁ፤ የተላከበትን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱ፣ ለመከታተል ይጠቅማል።

አዲሱ ሊብሬ ሲሰጣችሁ ወደ ኪሳችሁ አትክተቱት። እዚያው መስኮቱ ሥር ቆማችሁ እያንዳንዷን አኃዝ ከእርሳስ ወረቀታችሁ ጋር አንብቡ። የእኔን የጻፈው ሰው ፋይሉን ትቶ ከፎቶ ኮፒው ነበር የገለበጠው። 8 ይላል። መልሼ ሰጠሁት፤ ሌላ ሰዓት ተኩል ተሰለፍኩ።