«ትንሽ እኮ ነው የቀመስኩት»፦ በባዶ ሆድ ኑ ሲባል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ለኦፕራሲዮን ወይም ለምርመራ ቀጠሮ ሲያዝ «በባዶ ሆድ ይምጡ» ይባላል። ለምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ የሚያስረዳ የለም። ምክንያቱን ያልሰማ ሰው ደግሞ ትእዛዙን በራሱ መንገድ ያሻሽለዋል።

ከሁሉም የሚብሰው በልቶ መደበቅ ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ሲሰጥ ማሳልና መዋጥም አብረው ይተኛሉ። ያኔ ጨጓራ ውስጥ የቀረ ምግብ ወይም አሲድ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም ከርቲስ ሜንደልሰን ይህን አደጋ ማደንዘዣ በወሰዱ ወላዶች ላይ አይቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ዛሬም ነፍስ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጉርሻም ቢሆን ከበሉ ይናገሩ። ቀጠሮው ይተላለፍ ይሆናል፤ ሐኪሙም ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ።

«ማደንዘዣው ከወገብ በታች ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» የሚሉም አሉ። ይመለከታል። በመሃል ወደ ሙሉ ማደንዘዣ መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል።

ቀጥሎ ወተት ያለው ሻይ አለ። «ፈሳሽ አይደል እንዴ?» ይባላል። ወተት ግን ጨጓራ ሲደርስ ይረጋል፤ የሚቆጠረውም እንደ ምግብ ነው። የሚፈቀደው በብርጭቆው ማዶ ያለውን የሚያሳይ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው፦ ውሃ፣ ወተት የሌለው ሻይ ወይም ቡና፣ የተጣራ የፖም ጭማቂ። ሌላ ችግር ለሌለበት ሰው በሰፊው የሚሠራበት ልክ ይህ ነው፦ ጥርት ያለ ፈሳሽ ከማደንዘዣው 2 ሰዓት በፊት ይቆማል፣ የእናት ጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ሌላ ወተትና ቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ ሥጋና ቅባት የበዛበት ምግብ 8 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ። ለነፍሰ ጡር፣ ለስኳር ሕመምተኛ ወይም ቃር ለሚበረታበት ሰው ልኩ ሊለይ ስለሚችል የራስዎ ሐኪም ያለው ይበልጣል።

«ለጥንቃቄ» ብሎ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ እርም ማለትስ? እኔ ይህንንም ከስህተት እቆጥረዋለሁ። ራስ ያማል፣ አፍ ይደርቃል፣ ነርሷም የደም ሥር ፍለጋ ክንድዎን ስትዳብስ ትቆያለች። «ውሃ እስከ ስንት ሰዓት ልጠጣ?» ብሎ መጠየቅ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ማስቲካና ሲጋራም ይቅሩ።

መድኃኒት ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፦ ሁሉንም የሚተውና ሁሉንም የሚውጥ። ሁለቱም ተሳስተዋል። የግፊት መድኃኒቶች ብዙዎቹ በአንድ ጉንጭ ውሃ ይዋጣሉ፤ በዚያ ቀን የሚታለፉም አሉ። ኢንሱሊን እንደወትሮው ተወግተው ካልበሉ ስኳርዎ ይወርዳል፤ ጨርሶ መተውም አደገኛ ነው። እንደ ሴማግሉታይድ ያሉት የስኳርና የክብደት መድኃኒቶች ደግሞ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ያደርጋሉ፤ ሰዓቱን ጠብቀው እንኳ ሆድዎ ባዶ ላይሆን ይችላል። የሚወስዱትን ሁሉ ቀጠሮው ሲያዝ ያሳዩ፤ በዕለቱ ጠዋት ከሆነ ረፍዷል።

ምርመራ ሲሆን ነገሩ ይለያል። በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር ቢያንስ የ8 ሰዓት ጾም ይፈልጋል፤ ውሃ ግን አይከለከልም። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የስኳር ምርመራ ጾም አያስፈልገውም፤ ለእሱ ብሎ የተራበ በከንቱ ተራበ። የሐሞት ከረጢት ሲበሉ ስለሚኮማተር፣ ለእሱ አልትራሳውንድ ሳይበሉ ይመጣሉ። የማህፀን አልትራሳውንድ በሆድ በኩል ሲታይ ግን ውሃ ጠጥተው፣ ሽንትዎን ይዘው ነው። ሽንት ቤት ደርሰው ከገቡ እንደገና ጠጥተው መጠበቅ ነው። ለኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ ለማየት፣ ሲዘጋጁም ቀይ መጠጥ ይተው፤ አንጀት ውስጥ ደም ይመስላል።

ልጆች ላይ የሚሳሳተው ልጁ አይደለም፤ የሚራራለት ሰው ነው። እናት ካርድ ልታወጣ ስትሄድ አያት ከቦርሳቸው ብስኩት ያወጣሉ። «አፉን ይሻር ብዬ ነው» ይላሉ። ስለዚህ መመሪያውን ልጁን ለሚይዝ ሰው ሁሉ ይንገሩ፤ ብስኩቱም ቤት ይቅር። ቀጠሮ ሲያዝም «የጠዋቱ የመጀመሪያ ተራ ይሁንልን» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።